የዘመድ ጉዳይ

በዚያ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይመጣል፣ ኃላፊ ይሄዳል፤ ማኅተሙ ግን ከእሷ አንገት ወርዶ አያውቅም። ሌላው ማኅተም ያዥ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፈውን ክብ ማኅተም እሷ በጠንካራ ክር አስራ ከቀሚሷ ሥር ታንጠለጥለዋለች። ቤቷም ይዛው ትገባለች፣ ይዛው ትተኛለች። በስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ፊት ለፊቷ «እትዬ» ናት፣ ዞር ስትል ደግሞ «እትዬ ማኅተም»።

ማተሙንስ ታውቅበታለች። ክቡ የፊርማውን ጫፍ ነካ አድርጎ፣ ሳይዘም፣ ቀለሙ ሳይፈስ ያርፋል። ከዚያ ወረቀቱን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ታየውና «ቀጥ ብሏል» ትላለች። ይህችን ቃል ለመስማት ስንቱ ደጅ ጠንቷል! አንድ ሽማግሌ ለታመመች ሚስቱ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ቢመጣ፣ ፊርማው ከስሙ በላይ መሆን ሲገባው ከስሙ በታች አርፏል ብላ መለሰችው። ፈራሚው ወጥቷል፣ ሚስቴ ደግሞ ጣር ላይ ናት ብሎ ቢለምናት፣ «እንግዲያው ነገ ይምጡ አባቴ፤ እኔ ምን ላድርግዎ?» አለችው። ሽማግሌው በማግሥቱ አልመጣም። ለምን እንደ ቀረ የጠየቀ የለም።

ከእሷ በፊት ማኅተሙ በአንድ ወጣት ጸሐፊ እጅ ነበር። የወንድሙን የሕክምና ደብዳቤ ራሱ ሲያትም አየችውና ለበላይ አሳበቀችበት። ደብዳቤው ሐሰት አልነበረበትም፤ ወንድሙም የምር ታሞ ነበር። ቢሆንም ልጁ ተባረረ፣ ማኅተሙ ለእሷ ተሰጠ። እሷም ሹመቷን ለማሳመር አንድ ሐሳብ አቀረበች፦ ማኅተም ያዥ የባለጉዳይ ዘመዱን ወረቀት እንዳያትም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም በደብዳቤ የተወከለ ሌላ ሠራተኛ ያትም። ሐሳቡ ደንብ ሆኖ ወጣ፣ በስብሰባም ተጨበጨበላት። ማታ ለባሏ ስትነግረው፣ አናጺው ባሏ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሳያነሳ «ተይ አንቺ ሴት፣ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አላት። እሷም «አንተ እንጨትህን ላግ» ብላ ሳቀችበት።

ዓመታት አለፉና አናጺው ሆዱን ያመው ጀመር። ጎንበስ ቀና ማለት ነው፣ ሥራ ነው እያለ ቻለው። መጨረሻ ላይ የጤና ጣቢያው ሐኪም ዳብሶት አንጀቱ ላይ ያበጠ ነገር አገኘ። ሐኪሙ እሷን ወደ ውጭ ጠርቶ «ሳይፈነዳ መውጣት አለበት። ይህ ሳምንት ሳያልፍ ትልቁ ሆስፒታል ያድርሱት» አላት። ትልቁ ሆስፒታል ያለ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ አይቀበልም፤ ደብዳቤውም ካልታተመ ተራ ወረቀት ነው። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤው ተጻፈ። ኃላፊው ፈረመ፣ ፊርማውም ከስሙ በላይ ቁልጭ ብሎ ተቀመጠ። የቀረው ማኅተሙ ነው፤ ማኅተሙም እዚያው ደረቷ ላይ ነው።

«መዝገብ ቤቷን ይወክሉልኝና እሷ ትምታልኝ» አለችው ኃላፊውን። መዝገብ ቤቷ የምትባለው ለደብዳቤ ሁሉ ወጪ ቁጥር የምትሰጠው ሠራተኛ ናት።

ኃላፊው ወጣት ነው። ደንቡ ሲወጣ አልነበረም፤ ሲሾም ግን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ሸምድዶታል። «ደስ ይለኛል እትዬ። ግን የውክልናው ደብዳቤም መታተም አለበት።»

«አትመዋለሁ።»

«ውክልናው ለማን ጉዳይ ነው?»

ደብዳቤው ላይ የባሏን ስም በጣቷ አሳየችው።

«ለባለቤትዎ ነው። እሱም የዘመድ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው፤ እርስዎ ሊያትሙት አይችሉም።» ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ክፋት ቢሆን እኮ ይለመን ነበር። «የበላይ መሥሪያ ቤቱን እንጠይቅ» አለና ጥያቄውም በደብዳቤ እንደሚሄድ፣ እሱም ማኅተም እንደሚፈልግ ትዝ ሲለው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ግድ የለም፣ በቃል አነሳላቸዋለሁ» ብሎ በማግሥቱ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄደ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ቢሮው ጭር ሲል ማኅተሙን ከአንገቷ አወጣች። ቀለም አስነካችው። እጇ ከደብዳቤው በላይ እንዳለ ቀና ብትል፣ መዝገብ ቤቷ በሩን ተደግፋ ዳቦ ታኝካለች።

«እትዬ» አለች መዝገብ ቤቷ ሳትቸኩል፣ «ያ የተባረረው ጸሐፊ እንዴት ሆኖ ይሆን? ወሬውን ሰምተው ያውቃሉ?»

ማኅተሙን ጠራርጋ ወደ ደረቷ መለሰችው። ቤቷ ተደብቃ እንዳታትመው ደግሞ ወጪ ቁጥር የምትሰጠው ያችው ሴት ናት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያን ቀን ያቆማት ለሕግ መቆርቆር አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ለሌላው ሲሆን ደንብ ትለው የነበረውም ይኸው ፍርሃት ነበር።

ማታ ባሏን ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ተኝቶ አገኘችው። ጎንበስ ብላ ትራሱን ስታስተካክልለት ማኅተሙ ከቀሚሷ ሾልኮ ጉንጩን ነካው።

«የሆስፒታሉ ሰዎች የሚጠብቁት ይሄንን ነው?» አላት።

«እሱን ነው።»

«ታዲያ?»

«የዘመድ ጉዳይ ነው። ኃላፊው እስኪመለስ...»

«ዘመድሽ በመሆኔ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ አላናገራትም።

ዓርብ ያበጠው ፈነዳ። ጎረቤቶች በመኪና ጭነው ትልቁ ሆስፒታል በር ሲያደርሱት ዘበኛው ደብዳቤ ጠየቃቸው። እሷ ያልታተመውን አውጥታ ሰጠችው። ዘበኛው ገልብጦ አየውና «እናቴ፣ ይሄማ ማኅተም የለውም» አላት። እሷም አልተከራከረችውም፤ ዘበኛው ትክክል ነበር። ሲለምኑት፣ ሲጮኹበት፣ አለቃውን ሲያስጠሩ አናጺው እዚያው መኪናው ውስጥ አረፈ።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ከሥልጠናው ተመልሶ ሠራተኞቹን አስከትሎ ለቅሶ መጣ። ጥቂት አንገቱን ደፍቶ ከቆየ በኋላ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «የሐዘን መግለጫ ደብዳቤ ይዘን መጥተናል እትዬ። ፈርሜበታለሁ። ግን...» ዓይኑ ወደ አንገቷ ወረደ።

«የዘመድ ጉዳይ ነው» አለች።

«አይደለም፤ መንገድ ላይ ተወያይተንበታል። ደንቡ የሚለው ‹ባለጉዳይ ዘመድ› ነው። ሟች ባለጉዳይ አይደለም። እሳቸው ከእንግዲህ ጉዳይ የላቸውም።»

አሰበችበት። ቃሉን ቃል በቃል የጻፈችው እሷ ናት፤ ኃላፊውም ልክ ነው። መዝገብ ቤቷ የማኅተም ቀለሙን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተችላት። ባሏ በእጁ በሠራው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘረጋች፣ ክሩን ከአንገቷ አወለቀች፣ አተመችው። ወረቀቱንም እንደ ልማዷ ከዓይኗ ራቅ አድርጋ አየችው። ቀጥ ብሎ ነበር፤ ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣም።

ኃላፊው ደብዳቤውን ተቀብሎ ብድግ አለና በሁለት እጁ መልሶ ሰጣት፤ የተጻፈው ለእሷ ነዋ። መዝገብ ቤቷ ደግሞ የማስረከቢያ መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶ አቀበለቻት።

«ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙልኝ እትዬ» አለቻት። «ከስምዎ በታች እንዳይሆን፤ ከስምዎ በላይ።»

ከስሟ በላይ ፈረመች።