ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ሰበታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ መጻፍ በጀመርኩበት ቀን ተፈራ ወንበር አልሰጠኝም። ያኔ ጋሽ ተፈራ እለው ነበር፤ አሁን አልልም። «ቆመሽ ጻፊ፤ ወንበሩ ለባለጉዳይ ነው» አለኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ቆሜ ጻፍኩ።

የቀጠረኝ ወዶኝ አልነበረም። እዚያ ማመልከቻ የሚገባው በኦሮምኛ ነው፤ እሱ ከሰላምታ በላይ አይችልም። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ስለሆነ በሁለቱም እጽፋለሁ። እሱ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ በኦሮምኛ እጽፋለሁ፤ ከሥር «ጸሐፊው» በሚለው ቦታ የእሱ ስም ይገባል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራሁ።

ሥራውን አላስተማረኝም አልልም። ልቀቅ የተባለ ተከራይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ነው። ቁልፉ ተከራዩ ጋ ከሆነ ቤቱ በእጁ ነው። በቃል ውጣ ስለተባለ አይወጣም፤ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ይጠይቃል። ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ በሩ ቢዘጋበት ወይም ዕቃው ቢወጣበት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ይከሳል፤ ጉዳዩ እስኪታይ እንዳይነካም ዕግድ ያወጣል። ቢሸነፍ እንኳ ቤት መፈለጊያ ጊዜ ይለምናል። ቁልፉን በገዛ እጁ ከሰጠ ግን ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ሰዓዳ የመጣችው ከፉሪ ነው። መርካቶ ልብስ ትሰፋለች፤ ሦስት ልጆቿ ፉሪ ይማራሉ። አከራይዋ ኦቦ ገመቹ ቤቱ ተሸጧል፣ በአምስት ቀን ልቀቂ ብሏታል።

«ወረቀት ሰጠሽ?»

«ኧረ እትዬ፣ የምን ወረቀት! ልብስ ሳሰጣ አጥሩን ተደግፎ ነው የነገረኝ።»

«ቁልፉስ?»

በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። አውጥታ አሳየችኝ።

የዕግድ ማመልከቻውን ጽፌ ጨረስኩ። ተፈራ ተቀብሎ ፋይል ውስጥ ከተተው። «ዛሬ አይገባም። መጀመሪያ በሽማግሌ ይሞከር» አለ። እሱና የቤቱ ገዢ ዕድርተኞች መሆናቸውን ያወቅኩት ኋላ ነው።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ጠረጴዛችን አጠገብ ተሰበሰቡ። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ሲገባ የተጣሉበት ነገር ለእርቁ ክብር እነሱ እጅ ይቆያል። ተፈራ ይህን ያውቃል። «ቁልፉን አባቶች ጋ አስቀምጪው፤ አከበርሻቸው ማለት ነው» አላት። ሰዓዳ ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠች።

ከዚያ የእርቁን ወረቀት ጆሮዬ ሥር ሆኖ በአማርኛ ነገረኝ። «ቤቱን በፈቃዴ ለቅቄ አስረክቤያለሁ» የሚል አለበት። ቀና ብዬ አየሁት።

«ጻፊ እንጂ! ጠረጴዛው የማን ነው?»

ጻፍኩ።

ሰዓዳ ኦሮምኛ አታነብም፤ ወረቀቱን አገላበጠችው። «እትዬ፣ እስቲ ያንብቡልኝ። ምን ይላል?»

ተፈራ ቀደመኝ። «እርቅ ነው የሚለው፣ ሌላ ምን ይላል?»

የጠየቀችው እኔን ነበር። ኦቦ ገመቹ ራሱ በኦሮምኛ «ገብቷታል ወይ?» አለኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ፈረመች።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስትደርስ በሩ ሌላ ቁልፍ ተገጥሞለት ዕቃዋ ደጅ ተቆልሏል። ክስ መሠረተች። ዳኛው ወረቀቱን አስተርጉሞ አስነበበላትና «በፈቃድሽ አስረክበሻል» አላት። ምን እንደፈረመች የሰማችው ያን ቀን ነው።

ከችሎት ወጥታ ፊቴ ቆመች። እርስዎ እንጂ አንቺ ብላኝ አታውቅም ነበር። «ታውቂ ነበር» አለችኝና ሄደች። ከሰበታም ወዲያ፣ ተፍኪ አንድ ክፍል አገኘች ሲባል ሰማሁ። ስለ ልጆቹ ትምህርት አልጠየቅኩም።

ተፈራ ዛሬም «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ይላል። ያስተማረኝንም ያስጻፈኝንም ይኸው ጻፍኩ። ያ ወረቀት ከመዝገብ ቢወጣ ከሥሩ ያለው የእሱ ስም ነው። የጻፈው እጅ ግን የእኔ ነው።

አሁን የራሴ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለኝ። የጻፍኩትን ሁሉ ባለጉዳዩ በሚሰማው ቋንቋ አነብለታለሁ። ለተከራይ የምለው ይህን ነው፦ ቁልፍህን ለሽማግሌም ቢሆን አትስጥ። ማንበብ የማትችለውን ወረቀት ሳታስነብብ አትፈርም። የሚያነብልህም ከጻፈው ሰው ሌላ ይሁን፤ የጻፍኩት እኔ ብሆንም።