ለባለቤቱ የቆመ ዛፍ

ዝናቡ ባይጥል ኖሮ ዊኖና ፕሩዊት ከኮሌጁ በር ማዶ ወዳለችው ትንሽ ምግብ ቤት አትገባም ነበር። መምህርት ናት፤ በምረቃ ሰሞን ወደተማረችበት ወደዚህ ኮሌጅ ብቅ ማለት ትወዳለች። ያገኘችው ባዶ ወንበር አንድ ሽማግሌ ፊት ለፊት ነው። ሽማግሌው የቀረበላቸውን የኮክ ኬክ ረስተው ስልካቸው ላይ አፍጥጠዋል።

ዓይኗ ጣታቸው ላይ አረፈ። የኮሌጁን ቀለበት አድርገዋል፤ ሰማያዊው ድንጋይ ላይ የባሉጥ ዛፍ፣ ግራና ቀኙ ላይ ወንዙ። በኮሌጁ ልማድ፣ ተማሪ ሳሉ ዛፉ ቀጥ ብሎ የሚታየው ለባለቤቱ ነው፤ በምረቃ ዕለት መድረክ ላይ ቀለበቱ ይዞርና ዛፉ ፊት ለፊት ለሚያየው ዓለም ይቆማል። የሽማግሌው ዛፍ ግን ለእሷ ተዘቅዝቆ ታያት።

«ጌታዬ፣ ቀለበትዎን ማዞር ረሱ እንዴ?»

«አልረሳሁም። ገና ተማሪ ነኝ።»

ሳቋ አመለጣት። «ስንተኛ ዓመት?»

«ሳቂ፣ ሳቂ! የመጨረሻ።»

ሃርላን ስትራውድ ይባላሉ። በወጣትነታቸው አንድ ትምህርት ብቻ ሲቀራቸው አባታቸው ከትራክተር ወደቁ። እሳቸውም «በመኸር እመለሳለሁ» ብለው ወደ አባታቸው እርሻ ሄዱ። መኸሩ በቆሎውን ይዞ መጣ፤ ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ ልጆች። ሚስታቸው ኢቫ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ «አዙረው እንጂ፣ ማን ይመረምርሃል?» ትላቸው ነበር። እሳቸው የመኪናውን መሪ እንደያዙ ጣታቸው ላይ ያለውን ዛፍ ያያሉ። መንገዱ ጭር ሲል ከጥላው ሥር አንድ ጎረምሳ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል፤ ዕድሜው አይጨምር፣ ቅጠሉም አይረግፍ። ኢቫ ካረፈች በኋላ ሄደው ለቀረቻቸው ትምህርት ተመዘገቡ። ውጤቱን ዛሬ እንነግርዎታለን ብለዋቸዋል፤ ከወደቁ ነገ መድረክ የለም።

ስልኩ ጮኸ።

«አቤት... አዎ፣ እኔው ነኝ... የእውነት?»

ስልኩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው አስቀመጡት። «አለፍኩ» አሉ በሹክሹክታ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ አንተ ጎረምሳ!» አለች ጆሮዋን ጥላ የቆየችው አስተናጋጅ ከወዲያ።

«በሉ ያዙሩታ!» አለች ዊኖና።

«ኧረ ተይ! ነገ ነው እንጂ።» ቀለበቱን በሌላው መዳፋቸው ሸፈኑት፤ የሚበርርባቸው ይመስል።

ዝናቡ አባራ። መስኮቱ ላይ የቀረው ውኃ የግቢውን ዛፎች እያወዛወዘ ያሳያል። ዊኖና ተነሳች። «ነገ መጥቼ አጨበጭብልዎታለሁ።»

«ነይ» አሉ እጇን ያዝ አድርገው። «ግን አንቺ ልጅ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ያንቺን ቀለበት ያዞርሽው ዕለት፣ ዛፉ ጀርባውን ሲሰጥሽ ትንሽ አልከፋሽም?»