«ማርሹ ወጥቷል» ያልኩበት ቀን

ይህ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ረመዳን ወጥቶ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። እስከ ዛሬ ሰው መኪና ስር ተኝቶ ሳይ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እጠይቃለሁ። አንድ ሰው፣ ያውም ሊረዳኝ ብሎ መንገዱን አቋርጦ የቆመ ሰው፣ በእጄ ሊሞት ነበር።

የምኖረው አዋሽ ነው። ልብስ እነግዳለሁ፤ ሽርጥ፣ ሻሽ፣ ድሪያ፣ የልጆች ልብስ። በየአስራ አምስት ቀኑ ጭኜ ሰመራ እሄዳለሁ።

መኪናዬ ከአባቴ የቀረችኝ ላንድሮቨር ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። የራሷ የሆነው አካሏ ብቻ ነው። ሞተሯ ከፒክአፕ ተነቅሎ የገባ ነው፤ ካምቢዮዋ፣ የማርሹ ሳጥን፣ የሌላ መኪና ነው፤ ፍሪሲዮኗ ደግሞ ከትንሽ የጭነት መኪና የመጣ። አንዱ ሲሞት የተገኘውን እየገጠምን እዚህ ደረስን። የሰፈራችን መካኒኮች ሲያዩኝ፣

«ሐዋ፣ ልጅቷ ዛሬስ በማን ወጣች?» ይሉኛል።

«በእናቷ!» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

ሁለት አመል ነበራት። አንደኛው የፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩን ከጎማው ማላቀቅ አለበት አይደል? የእኔዋ ጠዋት ጠዋት ታላቅቃለች፤ ሙቀቱ ሲጀምር ግን እስከ ወለሉ ብትረግጧትም አትለቅም፤ ማርሹ ይጮሃል እንጂ አይገባም። ሁለተኛው፣ የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ስቆም እንዳትንሸራተት አንደኛ ማርሽ ውስጥ ትቻት ነው የምወርደው። ፍሪሲዮኑ ሲያምፅም እዚያው ማርሽ ውስጥ እንዳለች ቁልፉን እሰጣታለሁ፤ ተፈናጥራ ትነሳለች፤ እንሄዳለን። አመሏን ለምጄ ለምጄ የራሴ አመል ሆነ።

የዚያን ቀን ከሱብሒ በኋላ ከአዋሽ ወጣሁ። ገዋኔ ላይ ሁመድ የሚባል አፋር ደንበኛዬን አገኘሁት። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ግመል የሚነግድ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። ሰመራ ጉዳይ አለኝ ሲለኝ አሳፈርኩት።

ከገዋኔ ብዙም ሳንርቅ ግመሎች መንገድ ሲሻገሩ ፍሬን ያዝኩ። ፍሪሲዮኑ አልለቅ አለና ሞተሩ ጠፋ። ረፋዱ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። እንደ ልማዴ በአንደኛ ማርሽ አስነሳኋት። ሁለተኛ ግን በፍጹም እምቢ አለች። ብታገላት፣ ብለምናት፣ ብሰድባት ወይ ፍንክች።

ሁመድ ወደ ፊት እያየ፣ «በዚህ አካሄድ ሰመራ የምንገባው ለሚመጣው ረመዳን ነው» አለኝ።

አንዲት ዳገት ቢጤ ላይ ዳር ይዤ አጠፋኋትና ወረድን።

ስንት ከባድ መኪና አለፈን። በኋላ አንድ ጭነት የያዘ ተሳቢ ከፊታችን ራቅ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ብቻውን ነው። ሽርጥ አገልድሞ፣ ሸሚዝ ደርቦ፣ በነጠላ ጫማ መጣ። ሰይድ እባላለሁ አለን። አነጋገሩ የኮምቦልቻ አካባቢ ሰው ነው።

«ምነው እህቴ፣ ሰላም ነው?»

የሆነውን ነገርኩት። ኮፈኑን ከፍቶ አየና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ሱብሐነላህ! እነዚህን ሁሉ ማን አጋባቸው?»

«የተጋቡት በችግር ነው» አልኩት። ሳቀ።

የላንድሮቨሯ አፍንጫ ወደ ዳገቱ ስለሆነ፣ ወደ ኋላ እንዳትሄድ ሁለቱ ወንዶች ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ ድንጋይ አደረጉ። ከፊት ያደረገ የለም። ዳገት በራሷ የምትወጣ መኪና የት አለች?

ሰይድ ከመንገዱ በተቃራኒ ባለው ጎን፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ገባ። እግሮቹ ውጭ ቀሩ። እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ከተቀመጥኩበት አይታየኝም፤ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው።

«ርገጪ!» እረግጣለሁ። «ልቀቂ!» እለቃለሁ። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ አልን።

«የፍሪሲዮኑ ዘንግ አጭር ነው፤ የራሷ አይደለም» አለ ከስር። «ሞተሩ ሲነሳ ምን ያህል እንደሚገፋ ልየው። ማርሹ ወጥቷል?»

«ወጥቷል!» አልኩት።

አላየሁም። እጄን እንኳ ወደ ማርሹ አልሰደድኩም። ሰው ደህና ናችሁ ሲለን አልሐምዱሊላህ እንደምንለው፣ አፌ ብቻውን መለሰ።

«በይ፣ ረግጠሽ አስነሺ።»

ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጬ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ላንድሮቨሯ እንደ ደነበረች በቅሎ ወደ ፊት ተፈናጠረች። ሞተሩ ተነሳ፤ መኪናዋ ትሄዳለች፤ እኔ ፍሪሲዮን ረግጬ ትሄዳለች! በሁለት እግሬ ፍሬኑ ላይ ቆምኩበት። ተንገጫግጫ ጠፋች።

ጸጥ አለ። ጩኸት የለም፤ ማቃሰት የለም። ጸጥታውን ነው እስከ ዛሬ የምፈራው። «ኢናሊላሂ» አልኩ። ገደልኩት። ከመኪና ወርዶ ሊረዳኝ የመጣውን ሰው ገደልኩት። እግሬን ከፍሬኑ አላነሳሁም።

ሁመድ ሮጦ ሲያጎነብስ በመስኮት አየሁት።

«ሐዋ! እግርሽን እንዳታነሺ!»

ከዚያ ከስር የሰይድ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ሆኖ። «አልሞትኩም። እህቴ፣ በአላህ፣ ፍሬኑን እንዳትለቂ።»

በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ የኋላው ጎማ መጥቶ የቆመው ሽርጡ ላይ ነው። ከጭኑ አንድ ጣት እንኳ አይርቅም። ጨርቁ ጎማው ስር ተነክሶ ሰውዬውን ከመሬቱ ጋር ሰፍቶታል። መኪናዋ ወደ ፊት ትንሽ ብትሄድ ጭኑን ትወጣበታለች። ወደ ኋላ ብትንሸራተት ደግሞ፣ ድንጋዮቹ ርቀው ስለቀሩ ተንደርድራ ከዘለለቻቸው የፊት ጎማው እግሩ ላይ ይመጣል። የያዛት የእኔ እግር ነው።

ሁመድ መጀመሪያ ድንጋዮቹን አምጥቶ ከጎማዎቹ ጀርባ ወሸቀ። ከዚያ ከወገቡ ጊሌውን፣ ያንን የአፋር ጩቤ፣ መዘዘና በሆዱ ተኛ። ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ። ደጋግሞ ቀደደ። በአፋርኛ አንድ ነገር ያጉተመተማል፤ ዱዓ ይሁን እርግማን አላውቅም።

«ውጣ!» አለ።

ሰይድ በሸሚዝና በቁምጣ፣ አቧራ ለብሶ ወጣ። እኔ ፍሬኑ ላይ ነኝ። ወደ በሬ መጣ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። እጁን በመስኮት ሰደደና የማርሹን ዘንግ ያዘ። አንደኛ ውስጥ ነበረ። ቀስ ብሎ አወጣው።

ዓይን ለዓይን ተያየን። አወቀ። ማወቁን አወቅኩ።

ሁመድ ከኋላው መጥቶ፣ «ምን ነካት? ማርሹ ወጥቷል አላለችም?» ሲል ጠየቀ።

ሰይድ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። «ካምቢዮው የሌላ መኪና ነው። የወጣ ይመስላል እንጂ አይወጣም። እሷ ምን ታድርግ?» አለ። ቀጥሎም፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። መኪና ስር የሚገባ ሰው ቁልፉን በኪሱ ይዞ ነው» አለ።

ቁልፉን ነቅሎ ሸሚዙ ኪስ ከተተ። ከዚያም፣ ወላሂ፣ ተመልሶ መኪናዋ ስር ገባ! ሁለተኛ የደነገጥኩት ያኔ ነው። «ተው፣ ይቅር፣ እዚሁ ትበስብስ!» ብዬ ጮህኩ።

«አሁን እኮ በሽታዋን አገኘሁት» አለ ከስር። «እስከ ወለሉ ተረግጣ ከሄደች፣ ጭራሽ አትለቅም ማለት ነው።»

ከራሱ መኪና ያመጣውን ብሎን ከዘንጉ ጫፍ ጋር አጋጥሞ አስረዘመው። ሲወጣ ራሱ መሪው ጋ ተቀምጦ ሞከራት። ሁለተኛ ገባ። ሦስተኛ ገባ።

ከጭነቴ አዲስ ሽርጥ አውጥቼ ሰጠሁት። አገልድሞ፣ «ከበፊቱ ይሄ ያምራል» አለና ሳቀ። ሁመድም ሳቀ። እኔ እንባዬ መጣ። እስከ ሰመራ ድረስ በተሳቢው ከኋላዬ እየተከተለ አደረሰን። በመስታወት ባየሁ ቁጥር አለ።

ሰመራ መግቢያ ላይ ስንሰነባበት፣ «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ለምኑ እንደሆነ አልነገርኩትም።

«አፉ ብያለሁ» አለኝ። ለምኑ ብሎ አልጠየቀኝም።

ቤቴ ስመለስ ለባሌ «መኪናዋ ዘለለች» አልኩት። ለጎረቤትም፣ ለደንበኛም እንዲሁ። ወሬ ማሳመር እወዳለሁና የሽርጡ ጋ ስደርስ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ሁመድ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ያንን ካምቢዮ ይረግመዋል። እኔም አብሬው እረግማለሁ።

ባለፈው ወር ካምቢዮውን ላስቀይር አዋሽ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አውርዶ፣ ፈትቶ፣ አገላብጦ አየውና፣ «ሐዋ፣ ይሄ ምን በደለሽ? ደህና እኮ ነው» አለኝ።

መልሰህ ግጠመው አልኩት።

ካምቢዮው ምንም አልሆነም። ሰይድ ጠየቀኝ፤ እኔ ሳላይ መለስኩ። አፉ በለኝ ያልኩት ለዚህ ነበር።