ሌላ እንከን የለበትም

ልጄ አዲስ አበባ የማስታወቂያ ጽሑፍ ይጽፋል። ሳሙናም ይሁን ብስኩት፣ ሰው ኪሱን እንዲዳብስ የሚያደርገውን ቃል ፈልጎ የሚያመጣው እሱ ነው። ባለፈው ወር ሊጠይቀኝ ሸዋ ሮቢት ሲመጣ አምስት መጻሕፍት ይዞ መጣ። ሁሉም የባሕር ማዶ ናቸው። «አባባ፣ በእኛ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከእነዚህ ነው» አለኝና ከሎሚው ዛፍ ሥር ወንበር ስቦ አንዱን ገለጠ። እኔ ከአስተማሪነት ጡረታ ወጥቼ ቤት የዋልኩ ሰው ነኝ፤ የልጄን ወሬ መስማት ደስ ይለኛል። እያነበበ ይተረጉምልኝ ጀመር።

አንድ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ ሞቅ አለ። የምትሸጠው ዕቃ ትንሽ ጉድለት ካለው አንተው ቀድመህ ተናገር ይላል መጽሐፉ። ገዢው ጉድለቱን የነገረውን ሰው ያምናል፤ አንዴ ካመነ ደግሞ የቀረውን አይመረምርም። «ብልሃቱን አየኸው?» አለኝ ልጄ።

«ዝጋው» አልኩት።

አልሰማኝም፤ ገጽ ሊገልጥ ነው። ከእጁ ነጥቄ ወረወርኩት። መጽሐፉ ዶሮዎቹ መሃል ወደቀ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ መጽሐፍ ስወረውር የመጀመሪያዬ ነበር። ልጄ ያበድኩ መስሎት ከወንበሩ ተነሣ። ያን ጊዜ ተቀመጥ አልኩትና ለእናቱ እንኳ ነግሬያት የማላውቀውን ነገር ነገርኩት። እዚህም ያንኑ እጽፈዋለሁ።

አባቴ የከብት ደላላ ነበር። ያን ጊዜ በይፋት ቆላ የነበሩ ሙስሊም ደላሎች አንድ ደንብ ነበራቸው፤ አባቴ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳያጓድል ይዞት ኖረ። ዋጋ ከመነሣቱ በፊት የከብቱ ጀርባ ላይ እጁን ያሳርፍና ገዢውም ሻጩም ዙሪያውን የቆመውም እንዲሰማ አድርጎ እንከኑን ይናገራል። «ይኼ በሬ ግራ ዓይኑ ይፈዛል። ቀንበር ሲከብደው ይተኛል። ሌላ እንከን የለበትም፤ አላህ ምስክሬ ነው።» ይህን ካለ በኋላ ገዢው የበሬውን ጥርስ ገልጦ አያይም። ማየት አባቴን መስደብ ነው። ኋላ ያልተነገረ እንከን ቢገኝበት ከብቱ የሚመለሰው ወደ ሻጩ ሳይሆን ወደ አባቴ በረት ነው። እንዲህ ሆኖ የተመለሰ አንድ አህያ ብቻ አስታውሳለሁ። ደንቆሮ ነበር፤ ሻጩም ራሱ አላወቀም። አባቴ ያን አህያ እስኪሞት ድረስ ያለ ሥራ ቀለበው፤ እናቴ አህያውን ባየች ቁጥር አባቴን በነገር ትወጋው ነበር።

ጣሊያን አገሩን ሲይዝ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቁርአን ቀርቻለሁ፤ የአማርኛ ፊደልም ከአንድ የመንግሥት ጸሐፊ ተምሬያለሁ። ትልቁ መንገድ መሠራት ሲጀምር አንድ ሲቪል ጣሊያን ሮቢት መጥቶ መንገዱ ዳር ሱቅ ከፈተ። ሳሙና፣ ስኳር፣ ላምባ፣ አቡጀዴ ይሸጣል፤ ጎን ለጎን ደግሞ መንገዱን ለሚሠሩት የቀን ሠራተኛ ይመለምላል። ጸሐፊ ያስፈልገው ነበርና ገባሁ። ሰው «የጣሊያን አፍ» እያለ ሲጠራኝ እሰማለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልፋለሁ።

ጣሊያኑ በአገሩ ከቤት ቤት እየዞረ የስፌት መኪና ሲሸጥ የኖረ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በሲባጎ የታሰረ መጽሐፍ ነበረው፤ በአገሩ ሻጭ የሚባል ሁሉ ከዚህ ተምሮ ነው የሚወጣው ብሎኛል። ቀትር ላይ ሙቀቱ መንገዱን ጭር ሲያደርገው እግሩን ሣጥን ላይ ሰቅሎ ያነብልኛል። በዓመቱ ቋንቋውን ለቅሜ ስለነበር እከተለዋለሁ፤ ያቃተኝን በተሰባበረ አማርኛ ያስረዳኛል።

እውነቱን ልናገር፤ መጽሐፉን ወደድኩት። ስለ ዕቃህ አታውራ፣ ስለ ገዢው አውራ ይላል። እኔ ሳሙናው ጥሩ ነው እያልኩ ስለፈልፍ የሚሰማኝ አልነበረም። ከዚያ ግን ሰሌዳ ላይ «ለጁምዓ ነጭ ለብሰህ ሂድ» ብዬ ጻፍኩና ሱቁ በር ላይ ሰቀልኩት። ፊደል ያልቆጠረው የቆጠረውን እየጠየቀ ሳሙናው በሳምንቱ አለቀ። ቃል እንዲህ ማድረግ መቻሉ አሰከረኝ። ቀን ከመጽሐፉ የሰማሁትን ማታ ለአባቴ አወራለታለሁ፤ እሱ ደግሞ ፈገግ እያለ ይሰማኛል።

አንድ ቀን ጣሊያኑ ያንኑ ልጄ ያነበበልኝን ነገር አነበበልኝ። ቃሉ ቃል በቃል አንድ አይሁን እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ትንሽ ጉድለት አስቀድም፣ ትታመናለህ። ሳቅኩ። አባቴ ይህን መጽሐፍ ሳያነብ ያውቀዋል አልኩና የበሬውን ነገር፣ እጅ ጀርባ ላይ ማሳረፉን፣ «ሌላ እንከን የለበትም» የሚለውን፣ ይህ ከተባለ በኋላ ጥርስ ገልጦ የሚያይ እንደሌለ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ተነሥቶ እርሳስ ፈለገና መጽሐፉ ጠርዝ ላይ ጻፈው። ያን ቀን ምላሴ በተቆረጠ ኖሮ!

ከደብረ ሲና በላይ ባለው ተራራ ዓለቱን ፈልጦ መንገድ የማውጣቱ ሥራ ሰው ታጥቶለት ነበር። ሶላቶዎቹ፣ የጣሊያን ወታደሮቹ፣ ገበሬውን በጉልበት ሲያፍሱት ገሚሱ በረሃ ይገባል፣ ገሚሱ አርበኞቹ ጋ ይሸፍታል። ስለዚህ ሰው በፈቃዱ ይምጣልን አሉ። ጣሊያኑ ወረቀት አቀበለኝ። «ጻፍ» አለኝ። «እንከኑን አንተ ምረጥ። የሚያውቁት ይሁን። ትንሽ ይሁን።»

ብርዱን መረጥኩ። የቆላ ሰው ከምንም በላይ የሚሠጋው የደጋ ብርድ ነው።

ሌላው እንከን ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። የከባድ መኪና ነጂዎች ሱቅ ገብተው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ዓለቱ የሚፈርሰው በድማሚት ነው። ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ድማሚቱን ከትቶ፣ ክሩን ለኩሶ የሚሮጠው የቀን ሠራተኛው ነው፤ የሮጠ ሁሉ ደግሞ አያመልጥም። ይህን አንጽፈውም ወይ ብዬ ጣሊያኑን ጠይቄዋለሁ። «እንከን አንድ ይበቃል» አለኝ። እኔም ጻፍኩ።

«ከደብረ ሲና በላይ የመንገድ ሥራ አለ። እህልና ብርድ ልብስ ይሰጣል። ዓርብ ዓርብ ዕረፍት ነው። እንከኑን እንንገራችሁ፤ ብርዱ ብርቱ ነው፣ የቆላ ሰው ይቸገራል። ሌላ እንከን የለበትም።»

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ጻፍ ያለኝ የለም። ጣሊያኑ ምን ማለት እንደሆኑ እንኳ የገባው ካስረዳሁት በኋላ ነው። እኔ ነኝ ከአባቴ አፍ ሰርቄ ያስገባኋቸው። «አላህ ምስክሬ ነው» የሚለውን ግን አልጨመርኩም። አላህን ፈርቼ! ጉድ በሉ!

በገበያ ቀን ወረቀቱን ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ብርዱ ጋ ስደርስ ሰው ሳቀ። «ዛሬስ ጣሊያን እውነት ተናገረ!» ያለም ነበር። ሳቁ ግን የመናቅ አልነበረም፤ ልባቸው ተከፍቶ ነበር።

ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖር አንድ ጥጥ ገበሬ ነበር። ሚስቱና ሁለት ሕፃናት አሉት፤ ያን ዓመት ጥጡን ተባይ በልቶበታል። ከገበያ በቀጥታ ወደ ቤታችን መጣ። እኔም ነበርኩ። «ጋሼ፣ አንቱ ምን ይሉኛል? ልሂድ?» አለው አባቴን።

አባቴ ወረቀቱን እንዳነብለት ጠየቀኝ። አንድ ቅጂ ኪሴ ውስጥ ነበርና አነበብኩ። ስጨርስ አየኝ።

«ይኼን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ሌላ እንከን የለበትም ነው የሚለው?»

«አዎ።»

ፊቱ ሲበራ አየሁ። ልጁ ደንቡን ይዞ ጣሊያን ሱቅ ድረስ ያስገባለት መሰለው። ወደ ጎረቤታችን ዞሮ «እንግዲያውማ ሂድ» አለው። «እንከኑን ከነገረህ ሌላ የለውም። ብርድ ብቻ ከሆነ ብርድ በጋቢ ይቻላል።» ገብቶ የራሱን ጋቢ አመጣና ትከሻው ላይ ጣለለት።

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እንጀራዬ ይቀርብኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን እሱ አይደለም። ያን የበራ ፊቱን እያየሁ ዋሽቻለሁ ማለት አቃተኝ። ስለ ኩራቴ ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁ፤ ሰውየውም በማግስቱ ከሌሎች ጋር መኪና ላይ ወጥቶ ሄደ። ጣሊያኑ ከደስታው ብዛት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ወረቀቱን በእጄ አስገልብጦ አጣዬም ካራቆሬም ላከው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ የመኪና ነጂ ያን ጋቢ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ጎረቤታችን ክሩን ለኩሶ ሮጧል፤ ድንጋዩ ደርሶበታል። እዚያው ቀበሩት።

ሚስቱ ጋቢውን ይዛ መጣች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። ፊደል የሚያነብ ሰው እንደሚዋሽ ድሮም ሳታውቅ አልቀረችም። ጋቢውን አባቴ እግር ሥር አኖረችው። «ጋሼ፣ አንቱ አይደሉ ሌላ የለውም ያሉት?» አለችው። አልጮኸችም። ወጥታ ሄደች።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ታውቅ ነበር?»

«ጣሊያኑ ነው እንከን አንድ ይበቃል ብሎ...»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

«አውቅ ነበር።»

አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።  የገበያው ዕለት የእጄን አንጓ ይዞ እየመራ ወሰደኝ። የእህል ተራውን አለፍን፣ አህያ ተራውን አለፍን፤ በሬ ተራው መሃል፣ እሱ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ አቆመኝ። ሰው ከበበን። አባቴ እጁን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ። የዚያ እጅ ሙቀት እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

«ስሙኝ» አለ። «ይኼ ልጄ ነው። ጤናው ደህና ነው። ያነባል፣ ይጽፋል፣ የጣሊያን ቋንቋ ያውቃል። እንከኑን ልንገራችሁ። የሚያውቀውን አደጋ እያወቀ ይደብቃል። በዚህ የተነሣ ሰው ሞቷል። እኔም ሳልመረምር ሂድ አልኩት።»

 ገበያተኛው የቀሩትን ሦስት ቃላት ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ፤ አንገቴን ደፍቼ፣ ቃላቱን እንዲናገራቸው በልቤ ለመንኩ። አላላቸውም። እጁን ከጀርባዬ አነሣና ብቻውን ወደ ቤት ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ድለላ አቆመ። የሟቹን ማሳ በራሱ በሬዎች እያረሰ፣ ጥጡን እየለቀመ ልጆቹን አሳደገ፤ ያልተነገረው እንከን ወደ እሱ በረት ተመልሷልና። ከእኔ ጋር እስኪሞት ድረስ በልተናል፣ ጠጥተናል፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔ ግን ብዙ ዓመት ተቆጥቼበት ኖርኩ። በሬ መሃል ስላቆመኝ። ጣሊያኑንም እረግመዋለሁ፤ ያን በሲባጎ የታሰረ መጽሐፉንም እረግመዋለሁ፤ ይልቁንም ደግሞ ማንም ሳያዘኝ ሦስት ቃላት የጨመረችውን ይህችን እጄን እረግማታለሁ። ከዚያ ወዲህ ሕፃናት ፊደል ሳስተምር ኖርኩ እንጂ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። አንዴ እንኳ ሳያቋርጠኝ አዳመጠ። ስጨርስ ተነሣ፣ ዶሮዎቹን እሽ ብሎ መጽሐፉን አነሣና አፈሩን በመዳፉ አራገፈ።  አንድ የሚያጽናና ነገር ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩት።

«አባባ» አለኝ፣ «ማስታወቂያው በተለጠፈ በመጀመሪያው ቀን ስንት ሰው መጣ?»

አየሁት። እየቀለደ አልነበረም፤ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«ነገ ገበያ ነው» አልኩት። «ማልደህ ተነሥ። በሬ ተራው ድረስ አብረን እንሄዳለን።»