ማን መክሮሽ ነው?

አጎቴን ዕድሜዬን ሙሉ በአንቱታ ስጠራው ኖሬያለሁ። እዚህ ላይ «እሱ» የምለው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ሲበርድልኝ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር፤ እስካሁን አልበረደልኝም።

እናቴ የምትኖረው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ጉና ግርጌ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ ነው። እኔ ከተማው ውስጥ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ መሬቷን ለጎረቤት በእኩል እያሳረሰች፣ ላሟን እያለበች ዓመቱን ገፋችው። ሙት ዓመቱ እንዳለፈ አንድ በግ ሸጠችና ጉልበቷን ልትታጠብ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወረደች። ብቻዋን፣ ለማንም ሳትናገር። ሳምንቷን ጨርሳ ስትመለስ ጉልበቷ ቀሎላት፣ ፊቷም ወዝ አውጥቶ ነበር። ጣጣውን ያመጣው ይኼ ወዝ ነው።

«ለመሆኑ ማንን አስፈቅዳ ነው የሄደችው?» አለ አጎቴ። ታላቅ ወንድሟ ነው። ልጆች ወልዳ ድራ፣ ባሏን አስታማ ቀብራ፣ አሁን ጉልበቷን ለመታጠብ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ወሬው ደርሶኝ ስቄ ተውኩት። እሱ ግን አልተወውም። ሰነባብቶ እናቴ እንድትመነኩስ ወሰነ።

በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ዕድሜዋ ሲገፋ ቆብ መድፋቷ የተለመደ ነው። ፈልጋ ያደረገችውን አከብራለሁ፤ በገዛ ፈቃዳቸው ቆብ ደፍተው ፊታቸው የበራ ጎረቤቶች አሉን። የአጎቴ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ቆብ የደፋች ሴት ባል አታገባም። ባል ካላገባች መሬቱ ከዘመድ አይወጣም፤ እሷ ወደ ጸሎቷ ስትል ማሳውን የእሱ ልጅ ያርሰዋል። ይህን አንድም ቀን በአፉ አልተናገረም። የሚያወራው ስለ ነፍሷ ብቻ ነበር።

እሷን ግን አልጠየቃትም። ቀን ቆረጠ፣ ከገዳም ቆብ አስመጣ፣ መነኩሴ ለመነ፣ አገሩን ጠራ፣ ሚስቱን ጠላ አስጠመቀ። እናቴ ነገሩን የሰማችው የአጎቴ ሚስት ትልቁን ጋን ልትዋስ በመጣች ጊዜ ነው። የማን ድግስ ነው ብላ ብትጠይቃት፣ ያንቺ ነዋ አለቻት። በእኛ ዘንድ ጠላ ተጠምቆ፣ እንግዳ ተጠርቶ «እምቢ» ማለት ትልቅ ነውር ነው። አጎቴም የተማመነው በዚሁ ነው፤ ሰውን በይሉኝታ አስሮ መጎተት ያውቅበታል።

ስልክ በሠራ ቀን ደወለችልኝ። «ልመነኩስ ነው አሉ፤ ነይ ድግሴን ብዪ» አለችኝ። እየሳቀች ነበር። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ምን ልታደርጊ ነው ብላት፣ ላሟ እየጠበቀቻት እንደሆነ ነግራኝ ስልኩን ዘጋች።

በዚያው ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ነበር። ማን እንደዘጋው ሁሉም የየራሱን ያወራል። ሲዘጋም ሲከፈትም ግን በእኛ ስም ነው፤ እኛን የጠየቀ የለም። መምህራን ስብሰባ ተጠራንና አንድ ከላይ የመጣ ሰው ሕዝቡ ስለሚፈልገው ነገር ረጅም ንግግር አደረገ። እጄን አወጣሁና ሕዝቡን መቼ እንደጠየቁት ጠየቅሁት። ሰውየው ጥያቄዬን ትቶ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ይህን ጥያቄ ማን ሰጠሽ?» አለኝ።

እኔ እንግዲህ «የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት» የሚለውን ክፍል ውስጥ ቆሜ የማስተምር ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ ለፈተና ይሸመድዱታል። እኔ ሁልጊዜ የምላቸው፣ ነገሩ የሚጀምረው ሰው በራሱ ጭንቅላት አስቦ በራሱ አፍ ይናገራል ብሎ ከማመን ነው። ያን ቀን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ማንም አልሰጠኝም ብል ማን ያምነኛል? እስከ ማታ ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ።

ለድግሱ ባጃጅ እስከሚገባበት ድረስ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ዳሱ ሞልቷል። አጎቴ መሀል ላይ ተቀምጦ፣ ቆቡን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ፣ በዱላው መሬቱን እየደበደበ ስለ መንገዱ ያወራል። የኛን ነገር ሌላ ሰው ሊወስንልን አይገባም፣ እኛ ከብት ነን ወይ፣ መጥተው ቢጠይቁን ምን ነበረበት ይላል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም ነቀነቅሁ፤ እውነቱን ነዋ። ያቃጠለኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ቃል ከአፉ ሲወጣ የእናቴ ዕድሜ ብብቱ ሥር ነበር።

ጠጋ ብዬ እሷን ጠይቀዋት እንደሆነ ጠየቅሁት። በትዕግሥት ፈገግ አለልኝ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አለና ወደ መንገዱ ወሬ ተመለሰ። የዳሱን ምሰሶ ነቅዬ ብጥለው ደስ ባለኝ ነበር።

መነኩሴው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ረጅም መንገድ በእግራቸው ተጉዘው አቧራ ለብሰዋል። እናቴ የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና ፊታቸው ቆመች። አጎቴ ቆቡን ከፌስታሉ አውጥቶ ሰጣቸው። እሳቸው ተቀብለው ጸሎት ከመጀመራቸው በፊት፣ ሥርዓቱ ነውና፣ ቀና ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ በፈቃድሽ ነው?»

«አባቴ፣ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች እናቴ። «አንቱ ጠየቁኝ። አልፈልግም።»

መነኩሴው አልተቆጡም። ያለ ፈቃድ የሚደፋ ቆብ ጨርቅ እንደሆነ ቀስ ብለው ተናገሩና አጥፈው ለአጎቴ መለሱለት። እናቴም ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ከምባል ይቅርብኝ ስትል ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ።

አጎቴ አልሳቀም። «ማን መክሮሽ ነው?» አላት። መልሷን ግን አልጠበቀም፤ ዞሮ እኔን አየኝ። ሽማግሌዎቹም ዞረው እኔን አዩኝ። በቃ፣ መካሪዋ ተገኘች፤ ከተማ ያለችው አስተማሪ ልጇ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። መሬቷን ሊወስድባት ፈለገ፤ እሱስ እሺ፣ ስግብግብ ነው እንበል። እምቢታዋን ግን መውሰዱ ምን ያደርግለታል? አንዲት ሴት ከአፏ አንድ ቃል ብታወጣ ወዲያው ባለቤት ይፈለግለታል። ሕዝብም እንዲሁ ነው። እሺ ሲል ራሱ ነው ይባላል፤ እምቢ ሲል የገፋፋው ይፈለጋል። እዚያ ስብሰባ ላይ የነበረው ሰውዬና አጎቴ ቢገናኙ ዱላ ይማዘዙ ይሆናል፤ ለእኔ ግን አንድ ናቸው።

ጠላው እንዳይበላሽ ተጠጣ። በሰኔ እናቴ ማሳዋን ገብስ አዘራችው። አጎቴ ግን በሄደበት ሁሉ ልጇ ናት ያሳመፀቻት ማለቱን አልተወም። በቀደም ለቅሶ ቤት ተገናኝተን፣ እሷ ባለችበት ያንኑ ደገመው። አፌን ልከፍት ስል እናቴ ጭኔን ያዝ አደረገችኝ።

«አያ፣ ልጄን ይተዋት» አለችው። «እሷ ስትመጣ ጠላው ደርሶ ነበር። እኔ በልቤ እምቢ ያልኩት ጋኑን ሊዋሱኝ የመጡ ቀን ነው።»

«ታዲያ ጋኑን ለምን ሰጠሽን?»

«የጠየቃችሁኝ ጋኑን ነዋ» አለችው።