ዝላቲና ሳትደርስ የተጠረገ ቤት

ሰው መንገድ ሲወጣ ቤት አይጠረግም። ተጓዡ ካሰበበት ሳይደርስ መጥረጊያ ያነሳ መንገዱን ጠርጎ ይጥልበታል ይባላል። ኔዴልያ ይህን ከእናቷ ሰምታ ያደገች ናት፤ በመንደሩም የማያውቀው የለም።

አንድዬ ልጇ ዝላቲና ሕፃኗን ይዛ ቶሮንቶ ወደሚኖረው ባሏ የሄደች ዕለት ታዲያ ወለሉ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ለስንቅ ባኒጻ የሚባለው የአይብ ቂጣ ተጋግሮ ዱቄቱ እስከ ደጃፍ ተበትኗል። ሕፃኗም ብስኩቷን እየፈረፈረች በዳዴ ያልዞረችበት ጥግ የለም። ኔዴልያ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስዳቸው መኪና ሲነሳ መንገዱ እንዲቀና ከኋላው ውሃ ደፋችና ገብታ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ከሶፊያ ቶሮንቶ ከሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው ብሏት ነበር አማቿ። ግን ደግሞ፣ በአውሮፕላን ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ተነስተው ጠዋት አራት ሰዓት እዚህ ናቸው አላት። የአራት ሰዓት መንገድ! ሳሞኮቭ ገበያ ደርሶ ለመመለስ እንኳ አውቶቡስ ሲጠበቅ ያን ያህል ይሄዳል። ለካ ሩቅ የሚሉት ይህን ነው ብላ ተጽናናች።

አራት ሰዓት ሲያልፍ አማተበች፣ መጥረጊያዋን አነሳች፣ ቤቱን አጽድታ ጥራጊውን የዶሮዎቿ ግቢ ውስጥ ደፋች። ወዲያው ጎረቤቷ ቶንካ ወተት ይዛ ገባች። ቶንካ ልጇ እዚያው አገር ስለሚኖር ነገሩን ታውቀዋለች። የጸዳውን ወለል አይታ፣ ደረሱ ወይ አለቻት።

«አራት ሰዓት አልፎ የለ?»

«አንቺ ሴት፣ የእነሱ አራት ሰዓት የእኛው መሰለሽ? እነሱ ጋ ገና አልነጋም። መንገዱ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ልጅሽ አሁን ባሕር ላይ ናት።»

ኔዴልያ ወደ ወለሉ ዞረች። «ጠርጌያታለሁ» አለች።

ቶንካ ልትስቅ ነበር፤ ፊቷን ስታይ ተወችው። አካፋ ይዘው ወጡ፣ ዶሮዎቹን አባረሩ፣ የቀረውን ጥራጊ ለቅመው አስገቡና እንደነበረው በተኑት። ግማሹን መንገድ ዶሮ በልቶታል አለች ቶንካ፤ የጎደለውን በአዲስ ዱቄት ሞሉት። ኔዴልያ ቀኑን ሙሉ እግሯን እንኳ ሳታንቀሳቅስ፣ መሐሉ ላይ ተቀምጣ ጸለየች፤ ቶንካም አብራት ዋለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ዝላቲና ናት። ደርሰዋል። ሕፃኗ ተኝታለች፣ አባቷ አቅፏት ያለቅሳል።

«አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ብቻ ክፉኛ ተናጠ፣ እማዬ። ከዚያ ቀጥ አለ።»

መቼ እንደሆነ ኔዴልያ አልጠየቀችም።

«ቤቱን አልጠረግሽም አይደል?»

«ኧረ ወለሉን ብታዪው፣ ልጄ» አለች፤ ውሸትም የለበትም።

ስልኩን ስትዘጋ እንባዋ ዱቄቱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ግድግዳው ላይ ባለው ቅዱስ ሥዕል ፊት ሻማ አብርታ አመሰገነች። ዞራም ቶንካን ሳመቻት፣ እግዜር ይስጥሽ አለቻት።

«ዶሮዎችሽን አመስግኚ» አለች ቶንካ፣ መጥረጊያውን እያቀበለቻት። «ትንሽ አስተርፈውልሻል።»