ጠፋች የተባለችው የቄሱ ሚስት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። ከረባት ያሰረ አንድ ወጣት መድረኩ ላይ ቆሞ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡት "በግንዛቤ ማነስ" መሆኑን አብራራልን። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር አፌን ይመረኛል። ሰውን ለመናቅ ትሕትና የለበሰ ቃል ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ከአምበር ወዲያ ባለች፣ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ተመደብሁ። ኃላፊያችን በዚያ ሁሉ የክረምት ጭቃ ጫማውን በቀን ሁለት ጊዜ የሚያስጠርግ፣ "ደንብ ነው" ማለትን ሥራው ያደረገ ሰው ነበር። ሰኔ መባቻ ላይ አንድ ቄስ ሚስታቸውን ጥሩዓለምን በተዋሱት በቅሎ አምጥተው አስመረመሩ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አክታዋ ውስጥ ነቀርሳው ተገኘ። መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየቀኑ እየመጣች እኛ ፊት መዋጥ ነበረባት። ቤታቸው የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው፤ በመሐል ወንዝ አለ።

መጀመሪያ ከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። ሳሏን የሰማችው አከራይ በሦስተኛው ቀን ዕቃዋን ደጅ አወጣችባት። ከዚያ በኋላ በእግሯ ተመላለሰች። ጭቃው እስከ ባቷ ደርሶ፣ የራሰ ነጠላዋ ከጀርባዋ ተጣብቆ፣ የቀዘቀዘ ቅቅል ድንች በጨርቅ ቋጥራ ትመጣለች፤ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ያጥወለውላት ነበርና። ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ሞላ። ቄሱ እኔ ባለሁበት ኃላፊው ቢሮ ገብተው ቆሙ፤ ተቀመጡ ያላቸው የለም።

"ጌታዬ፣ የሳምንቱን ቢሰጡን እኔ ራሴ እያየኋት ትውጣለች" አሉ።

"አባ፣ ደንብ ነው። ነርስ ሳታያት አትውጥም።"

"ሥጋ ወደሙን የታመንሁ ሰው እንክብል አልታመንም?"

ኃላፊው ሳቀና ጠቀሰኝ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ፈገግ አልሁ። በዚያው ወር የገዛ አጎቱ በዚሁ በሽታ ሲታመም ግን የወሩን መድኃኒት በካርቶን አሽጎ ደብረ ኤልያስ ድረስ ልኮለታል።

ጥሩዓለም ቀረች። መዝገቡ ላይ ከስሟ ትይዩ "ጠፋች" ብዬ ጻፍሁ።

መስከረም ላይ ከዞን ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። ኃላፊው "ሲስተር፣ የጠፉትን ፈልገሽ ፎርም አስሞልተሽ ነይ" አለኝ። ወንዙ ጎድሏል፤ መንገዱ ዳርና ዳር የባቄላ አበባ ይሸታል። ስደርስ ጥሩዓለም ደጃቸው ላይ አጎዛ ተነጥፎላት ፀሐይ ትሞቃለች። ክንዷ የአገዳ ያህል ቀጥኗል። ትንሽ ልጇ አዲስ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ፤ በላሁ።

"ለምን ጠፋሽ?" አልኋት። ፎርሙ ላይ የተጻፈው ጥያቄ ይኸው ነበር።

"እኔ የት ጠፋሁ እቴ? ከቤቴ ነኝ። መድኃኒቱ ነው የጠፋ።"

አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኋትና ተመለስሁ። ያየሁትን ለኃላፊው ነገርሁት። "ከፈለገች ትምጣ፤ እንደ አዲስ ከአንድ ትጀምራለች" አለኝ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ተቆጣጣሪው መጥቶ መዝገባችንን አገላበጠና በንጽሕናው አመሰገነን።

ጥሩዓለም ጤፉ ሳይታጨድ ሞተች። ጥር ላይ ቄሱ ራሳቸው እየሳሉ መጡ። ወንዙ ስለጎደለ ሁለቱን ወር አንድም ቀን አልቀሩም። ፊቴ ይቆማሉ፤ አፋቸውን ከፍተው እንክብሉን ይቀበላሉ፤ ውኃ ይጎነጩና መዋጣቸውን እንዳይ ምላሳቸውን ያሳዩኛል። ከዚያ በትራቸውን አንስተው ይሄዳሉ። እሳቸው ዳኑ።

ኃላፊያችንን ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው ንቄዋለሁ። መናቅ ቀላል ነው፤ ለእሱ ደግሞ ይገባዋል። በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ይህን ሁሉ ልናገር አሰብሁና ተውሁት። ብናገር ኖሮ አንድ ነገር መጨመር ነበረብኝ፦ ያን ዕለት ወንዙን ስሻገር አንዲት ፍሬ መድኃኒት አልያዝሁም፤ የመድኃኒቱ ቁምሳጥን ቁልፍ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።